ጠያቂ የሌለው ሕመም

በእኛ ሀገር ሰው ታሞ ብቻውን አይተኛም። ታይፎይድ የያዘው ጎረቤት ቤት ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይገባል። ቀዶ ጥገና የተደረገላት አክስት አልጋ ዙሪያ መቀመጫ ይጠፋል። ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ ‹‹ሞቼ ቢሆን ኖሮስ?›› እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ይወቀሳል። ጠየቃ ከለቅሶ ቀጥሎ የሚመጣ ዕዳችን ነው፤ የማይከፍል ሰው እርሱ የታመመ ቀን ዞር ብሎ የሚያየው ያጣል።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ሙዝ ይዛችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?

እኛም ደመወዝ እስኪከፈለን ድረስ ሄደን አናውቅም ነበር።

ይህን የምንጽፈው ሦስት ጓደኛሞች ነን። በአንድ ፕሮጀክት ተቀጥረን፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን ቤት ለቤት እየሄድን እንከታተል ነበር። የሥራ መደባችን ‹‹ኬዝ ወርከር›› ይባላል። ሁነኛ የአማርኛ ስም አልወጣለትም። የሰፈሩ ልጆች ግን ስም አላጡልንም፤ ‹‹የእብዶቹ ሰዎች መጡ!›› ይሉን ነበር። መጀመሪያ ላይ እንቆጣቸው ነበር። እየቆየን ስናስበው ‹‹እብድ›› የሚለውን ቃል ብንጠላውም የእነርሱ ሰዎች መባሉን ወደድነው።

አሁን ፕሮጀክቱ የለም። እኛም ሌላ ሌላ ሥራ ይዘናል። ልንል የፈለግነው አጭር ነው። የአእምሮ ሕመም ሐኪም ብቻ ሳይሆን ቤት ድረስ ሄዶ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል፤ ይህም ሥራ በፕሮጀክት መጥቶ በፕሮጀክት የሚሄድ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው ቋሚ መደብ ሊሆን ይገባል። ለምን እንደዚህ እንደምንል ያየነውን እንንገራችሁ።

ዐሥር ደቂቃና ሠላሳ ቀን

ከሆስፒታሉ እንጀምር። አማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ነበር። ስሙ እስኪሰደብበት ድረስ ማለት ነው፤ ‹‹አማኑኤል ግባ!›› ያልተባባለ ጓደኛ ማን አለ? የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ሥራውን ለረጅም ጊዜ የተሸከሙት እነዚህ ነርሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ አለ። ጥሩ ነው፤ ተቃውሞ የለንም።

ግን ሂሳቡን ተመልከቱት። ቀጠሮ በወር አንድ ጊዜ ነው እንበል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ባለሙያው ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ‹‹እንቅልፍ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?›› ይባላል፤ ይጻፍለታል፤ ቀጣዩ ይጠራል። ቀሪው ሠላሳ ቀን የማን ነው? የእናት ነው፤ የእህት ነው፤ እነርሱ ከሌሉ የመንገዱ ነው።

ኬዝ ወርከር የሚባለው ሰው በዚያ ሠላሳ ቀን ውስጥ የሚገባ ነው። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ሥራ አይመስልም። ይቀመጣል፤ ቡና ይጠጣል፤ ይሰማል። ክኒኑን ቆጥሮ ስንት እንደቀረ ያያል። የቀጠሮ ካርዱን ያያል፤ ቀኑ ካለፈ አብሮ ይሄዳል። ለነጻ ሕክምና የወረዳ ደብዳቤ ለማውጣት ይሮጣል፤ ደብዳቤው መታወቂያ ይፈልጋል፤ መታወቂያው ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክር የሚሆነው ጎረቤት ደግሞ ልጁን ይፈራዋል። ከአከራይ ጋር ይደራደራል። ዕድሩ ቤተሰቡን ገሸሽ ካደረገ ዳኛውን ያነጋግራል። የታማሚው እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ ምራቁ የሚዝረበረበው ‹‹ስለባሰበት›› ሳይሆን በመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል፣ ሐኪሙም ሊያስተካክለው እንደሚችል ያስረዳል። ባለ አርማ መኪና በር ላይ አያቆምም፤ ጎረቤት ‹‹እነ እገሌ ቤት ምን ተፈጠረ?›› እንዳይል ከሩቅ ወርዶ በእግሩ ይገባል።

‹‹ይህንንማ ማንም ይሠራዋል›› የምትሉ ካላችሁ፣ እኛም እንደዚያ ብለን ነበር የገባነው።

ሰንሰለቱ

የመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ቤት ገባን። ልጃቸው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከጓዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ከሥልጠና ገና መውጣታችን ነበርና ስለ ሰብአዊ መብት የተማርነው አፋችን ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሳይቀመጥ ‹‹እማማ፣ ይሄ ወንጀል ነው፤ አሁኑኑ ይፍቱት›› አላቸው።

እማማ አልተቆጡም። ‹‹ቁጭ በል ልጄ›› አሉት። ‹‹እኔ ጉልት ነው የምቸረችረው። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ፈትቼው ስሄድ አስፋልት ገብቶ መኪና ቢገጭብኝ፣ ሰው ደብድቦ ቢገድልብኝ፣ ያን ዕለት አንተ ትመጣለህ?››

መልስ አልነበረንም። ሴትየዋ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ልጃቸው ጠፍቶባቸው ፖሊስ ጣቢያውንም አስከሬን ክፍሉንም ዞረው ፈልገዋል። ሰንሰለቱ ልክ ነው አላልንም፤ ዛሬም አንልም። ነገር ግን ያሰሩት ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። የሚያግዛቸው ሰው ስላጡ ነው።

ያ ሰንሰለት የተፈታው በአራት ወር ነው። መጀመሪያ ነርሷ ቤት ድረስ መጣች። ክኒኑን ስለሚተፋ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌ ተጀመረለት። ከዚያ እማማ ባሉበት በቀን አንድ ሰዓት ይፈታ ተባለ። ከዚያ የአጎቱ ልጅ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ካርታ ሊጫወትለት ተስማማ፤ እርሱን ለማስማማት ብቻ ስድስት ጊዜ ተመላልሰናል። ከዚያ ግማሽ ቀን ሆነ። አንድ ቀን ስንሄድ ቤቱ ዝግ ነው። ደንግጠን ወደ ገበያው ስንሮጥ ጉልቱ ላይ ከእናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ሲያደርግ አገኘነው።

ሰንሰለቱን የፈታው የእኛ ስብከት አይደለም። መርፌው ብቻውንም አይደለም። መርፌው ከአጎቱ ልጅ ካርታ ጋር ሆኖ ነው።

እንጀራው

ሌላ ቤት እንሂድ። ወጣቱ መድኃኒቱን አቋርጧል። ካርዱ ላይ የተጻፈለት ‹‹መድኃኒት ለመውሰድ ፈቃደኛ አይደለም›› የሚል ነው። ሐኪም መክሮታል፤ እናቱ አልቅሳ ለምናዋለች። እኛም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ መድኃኒት ጥቅም ስናደነቁረው ከረምን። በአራተኛው ሳምንት፣ እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ መሬት መሬቱን እያየ ነገረን፦ ‹‹ስወስደው ይርበኛል። የታናናሾቼን እንጀራ በላሁባቸው።››

ልጁ እምቢተኛ አልነበረም። ጨዋ ነበር።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በቡታጅራ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች፣ አስታማሚዎቻቸውንና የጤና ባለሙያዎችን በማነጋገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች መድኃኒት ከሚያቋርጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በቂ ምግብ አለማግኘት መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ ሌማቱ ግን ባዶ ነው። እንግዲህ ይህን በዐሥር ደቂቃ ቀጠሮ ማን ይናገረዋል? ከኋላው ሃያ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ‹‹ዶክተር፣ እኔ የቸገረኝ ረሃብ ነው›› የሚል ሰው ታውቃላችሁ? እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሀገር የሚነገረው ቤት ውስጥ ነው፤ እርሱም ከብዙ ቡና በኋላ።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ግን ነገሩ መላ አላጣም። ነርሷ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የሚወስድበት ሰዓት ወደ መኝታ ሰዓት ተዛወረለት። እኛ ደግሞ ቤተሰቡ በከተማው ሴፍቲኔት እንዲመዘገብ ወረዳው ደጅ ጠናን። ያ ካርድ ላይ የተጻፈው ‹‹ፈቃደኛ አይደለም›› ግን ሳይሰረዝ ቀርቷል።

ቁራኛ

በድሮ ጊዜ ባለ ዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው፣ ነጠላ ለነጠላ ወይም በሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ቃሉን ‹‹የአልጋ ቁራኛ›› ስንል ብቻ ነው የምናስታውሰው። የምንረሳው ነገር ቁራኛ ሁልጊዜ ሁለት ሰው መሆኑን ነው። አንዱ ሲቀመጥ ሌላውም ይቀመጣል።

በየቤቱ ያገኘነው ሁለተኛ ሰው በአብዛኛው ሴት ናት። እናት ትጀምረዋለች፤ እናት ስትደክም እህት ትረከባለች። አንዲት የእኛ እኩያ የሆነች ልጅ ወንድሟን ለማስታመም ሥራዋን ለቃለች። ታጭታ ነበር፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ‹‹በዘር ያለ ነገር ነው›› ብለው ነገሩን አስቀሩት። ስንት ዓመት ሆነሽ ስንላት በጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ‹‹እርሱ እንዴት ነው?›› እያለ እንደነበር ነገረችን። እርሷን ግን ‹‹አንቺስ?›› ያላት አልነበረም። ይህን ነግራን ስታበቃ ‹‹ይቅርታ፣ ለፈለፍኩ›› አለች።

ለዚህ ነው ኬዝ ወርከር የሚመጣው ለታማሚው ብቻ አይደለም የምንለው። ከጉብኝቱ ግማሹ የእርሷ ነው። ያቺን ልጅ ሁለት ሰፈር አልፋ ከምትኖር ሌላ አስታማሚ እህት ጋር አስተዋወቅናት። ሁለቱ በሳምንት አንዴ ይደዋወላሉ። ለዚህ የወጣው ወጪ የስልክ ካርድ ብቻ ነው፤ የተገኘውን ግን ክኒን አይሰጥም።

ስለ ፀበልም እንጠየቃለን። ‹‹ወይ ፀበል ወይ መድኃኒት›› የሚለው ክርክር ሬዲዮ ላይ ነው ያለው፤ ቤት ውስጥ የለም። ቤተሰብ ሁለቱንም ይፈልጋል። ክርስቲያኑ እንጦጦ ማርያም ይወጣል፤ ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራል። እኛ በእምነት አልተከራከርንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረን፦ ‹‹እዚያ ሲከርም ክኒኑን ማን ይይዝለታል?›› ብዙ ጊዜ መልስ ይገኝ ነበር።

‹‹ፌዝ አውት››

የፕሮጀክቱ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነበር። አለቀ። በዚያ ዓለም ቋንቋ ማለቅ አይባልም፤ ‹‹ፌዝ አውት›› ይባላል። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ‹‹ሥራው ለባለድርሻ አካላት ተላልፏል›› የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፈረ። አንደብቃችሁም፣ ያን ዓረፍተ ነገር ከጻፉት መካከል እኛም አለንበት። የተላለፈው ምን ነበር? ፋይል። በካርቶን ታሽጎ ለአንድ ቢሮ በፊርማ ተሰጠ። እማማን ፈርሞ የተረከበ ሰው የለም።

ከወራት በኋላ እማማ ሚስኮል አደረጉልን። ስንደውልላቸው መርፌው ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለቀ ስድስት ሳምንት እንደሆነ፣ ‹‹ሲመጣ እንነግርዎታለን›› እንደተባሉ፣ ልጁ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ማውራት እንደጀመረ ነገሩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ ‹‹ሰንሰለቱን ከቆጥ አውርጄዋለሁ። ገና አላሰርኩትም። ልጠይቅህ ብዬ ነው።››

ከመካከላችን አንዱ በዕረፍት ቀኑ ሄደ። መድኃኒቱ ሌላ ሰፈር ካለ ጤና ጣቢያ ተገኘ። ሰንሰለቱ ወደ ቆጡ ተመለሰ። ደስ የሚል መጨረሻ ይመስላል፤ አይደለም። ከእማማ በኋላ ሌሎችም ደውለዋል። ሁሉንም ስልክ አላነሣንም። ለማን እንደምናስተላልፋቸው ስለማናውቅ ዝም ያልንባቸው ቀናት አሉ። የዚያ ቤተሰብ ዕጣ በእኛ ዕረፍት ቀንና በእኛ ሞራል ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

‹‹ደሃ ሀገር ነን››

ይህን ስናነሣ የሚሰጠን የመጀመሪያ መልስ ‹‹ደሃ ሀገር ነን፤ ሐኪሙም አልበቃ›› የሚል ነው። ሐኪም ስላልበቃ ነው እንጂ ይህ ሥራ የሚያስፈልገው! በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዷል። አንደኛው ወገን የጤና ተቋም ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላኛው ከሕክምናው በተጨማሪ ለዐሥራ ሁለት ወር ቤት ድረስ የሚመላለስ ሠራተኛ ተመደበለት። ሠራተኞቹ ሐኪሞችም ነርሶችም አልነበሩም፤ ለአምስት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ‹‹ላንሴት ግሎባል ሄልዝ›› በተባለው መጽሔት ታትሟል፦ ሠራተኛ ይመላለስላቸው የነበሩት ሰዎች ሕመሙ በዕለት ኑሯቸው ላይ የሚያደርስባቸው ጫና ሕክምና ብቻ ካገኙት ይበልጥ ቀንሷል። ይህ የስዊድን ጥናት አይደለም። እዚሁ ነው፤ በእኛው ሰው፣ በእኛው አቅም።

ሁለተኛው መልስ ‹‹ቤተሰብ አለ፣ ዕድር አለ›› የሚል ነው። አዎ አለ። ዕድር ግን የሚያውቀው መቅበር ነው፤ በሕይወት ያለን ሰው ማስታመም በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እምብዛም የለም። ቤተሰቡን ደግሞ ነገርናችሁ፤ ዘጠኝ ዓመት።

ሦስተኛው ‹‹የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሥሩት›› የሚል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለዚህች ሀገር ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን ክትባቱም፣ የእርግዝና ክትትሉም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ ወባውም በእነዚያው ሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በሽተኛውን ለይተው ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ አራት ወር ሰንሰለት እስኪፈታ መመላለስ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ደግሞ ከዚህ በፊት ሠርተነው እናውቃለን። ነጻ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ክኒን ማደል ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ገባን። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ኬዝ ማናጀሮችና አድኸረንስ ሰፖርተሮች ተቀጠሩ፤ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ነበሩ። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ቤቱ ድረስ ተፈለገ። ብዙው ገንዘብ ከውጭ የመጣ መሆኑን አንክድም፤ ትምህርቱ ግን የእኛ ነው። ለደም ውስጥ ቫይረስ ቤት ድረስ መሄድ ከቻልን ለአእምሮ ሕመም የሚከለክለን ምንድን ነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለሥራው ስም፣ መደብና ደረጃ ይሰጠው። በአንድ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ከላዩ የሚመክረው ነርስ፣ የታክሲና የስልክ ወጪ ይኑረው። ካገገሙት ሰዎችና ከአስታማሚዎቹ መካከልም ይቀጠርበት፤ ያቺ ዘጠኝ ዓመት የቆጠረች ልጅ ከእኛ ሦስታችን የተሻለ ትሠራዋለች። የሰሙትን ይዘው ማታ የማይተኙ ሠራተኞችም ‹‹እናንተስ?›› የሚላቸው ይኑራቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና ከተከፈተ ወዲህ ስንቱ ተመርቋል! በሙያው ገበታ አጥቶ ለባንክ ፈተና የሚያጠና የሶሻል ወርክ ተመራቂ ከእናንተ መካከልም አይጠፋም። ሥራውም ሰውም አለ፤ የጠፋው መደቡ ነው።

መደቡ እስኪመጣ ግን አንድ ነገር እናስቸግራችሁ። በሰፈራችሁ ሁልጊዜ በሩ ገርበብ ያለ ቤት አለ። ታውቁታላችሁ። ሌሊት ጩኸት ይሰማበታል፤ ቀን እናቲቱ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ምን ይዘን እንሂድ ካላችሁ፣ ሙዝ ይበቃል። ገብታችሁ ‹‹እግዜር ይማረው›› በሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ ሰው ዞር ብላችሁ ‹‹አንቺስ እንዴት ነሽ?›› በሏት።

ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሟት። ሥራው ይኸው ነው።